የመንጃ ፈቃድ የልምድ ማረጋገጫ ደብዳቤ ስለማግኘት እርዳታ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ። የጅማ ነዋሪ ስሆን በቅርቡ ባለቤቴ ወደምትኖርበት ኦንታሪዮ፣ ካናዳ ልሄድ ነው። እዚያ አዲስ አሽከርካሪ የጽሑፍ ፈተና አልፎ ጂ1 የተባለው የጀማሪ ፈቃድ ከተሰጠው በኋላ ቢያንስ የ4 ዓመት ልምድ ያለው አሽከርካሪ አጠገቡ ሳይቀመጥ እንደማይነዳ፣ ከ12 ወር በኋላ በመንገድ ፈተና ጂ2 የተባለውን ቀጣይ ፈቃድ እንደሚያገኝ፣ ጂ ለተባለው ሙሉ ፈቃድ ደግሞ ሌላ 12 ወር እንደሚጠብቅ ተረድቻለሁ። አይሱዙ ይዞ የጊቤን ቁልቁለት ሲወርድ ለኖረ ሰው ይህ ትንሽ ይከብዳል። ደግነቱ በሌላ አገር 2 ዓመትና ከዚያ በላይ የነዳ ሰው ጽሑፉንና የዓይን ምርመራውን ካለፈ በቀጥታ ለጂ መፈተን ይችላል፤ ሆኖም ልምዱን ፈቃዱን የሰጠው አካል ወይም የአገሩ ኤምባሲ በደብዳቤ ሊያረጋግጥለት ይገባል።

የቸገረኝ እዚህ ላይ ነው። የአሁኑ መንጃ ፈቃዴ የሚያሳየው የታደሰበትን ቀን ብቻ ነው፤ የቀድሞው በእድሳት ጊዜ ተወስዶ ስለቀረ በእጄ ያለው ፎቶ ኮፒ ሲሆን፣ ማኅተሙ ቀኑ ላይ አርፎ ዓመቱ አይነበብም። ፈቃዱን የሰጠኝ ቢሮም «ፋይሉ አልተገኘም» ብሎ መልሶኛል። እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ከጅማ ሆኖ ያወጣ ሰው ካለ፣ ፈቃዱ መጀመሪያ የተሰጠበትን ቀን በምን ማስረጃ እንዳረጋገጠና ኤምባሲያችን ፎቶ ኮፒ ይቀበል እንደሆነ ቢያስረዳኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።