ጣፋጭ የአናናስ ረም እንዴት ይቀመሳል? እንዴትስ ይመዘናል?

ጥያቄ (ከስቶክሆልም)

ጤና ይስጥልኝ። ከጥቂት ወዳጆቼ ጋር አልፎ አልፎ እየተገናኘን ልዩ ልዩ መጠጦችን በጥቂት በጥቂቱ እየቀመስን የተሰማንን በጽሑፍ የማስፈር ልማድ አለን። እስካሁን የቀመስነው በአብዛኛው ስኳር ያልታከለበት ረም (ከሸንኮራ አገዳ የሚነጠር መጠጥ) ስለነበር ለሽታው፣ ለጣዕሙ፣ ከተዋጠ በኋላ አፍ ውስጥ ለሚቀረው ስሜትና ለአጠቃላይ ሚዛኑ የየራሱን ነጥብ መስጠት ብዙም አላስቸገረንም። በቅርቡ ግን ፍሬ ያለባቸው ሦስት መጠጦች ጎን ለጎን ቀረቡልን። አንደኛው ፕላንተሬይ ስቲጊንስ ፋንሲ የተባለው የአናናስ ረም፣ ሁለተኛው ማሊቡ የተባለው የኮኮናት ሊከር (ስኳር የበዛበት የአልኮል መጠጥ) ሲሆን፣ ሦስተኛው የሬዩንዮን ደሴት ተወላጅ የሆነ የሥራ ባልደረባችን በቤቱ አናናስና ቫኒላ ዘፍዝፎ ያዘጋጀው ነው።

በውጤቱ ላይ መስማማት አልቻልንም። ገሚሶቻችን ይበልጥ ለጣፈጠው ይበልጥ ከፍ ያለ ነጥብ ሲሰጡ፣ ሌሎቻችን ደግሞ ስኳር የገባበት ረም ከመነሻው ነጥብ ሊቀነስበት ይገባል አሉ። እኔን ሁለቱም አላሳመኑኝም፤ የመጀመሪያው የሚመዝነው ስኳሩን ብቻ ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ መጠጡን ሳይቀምስ ይፈርዳል። ስለዚህ ልምዱ ያላችሁ እንድትረዱኝ የምፈልገው ይህንን ነው፦ ጣፋጭነቱን ራሱን እንዴት ልመዝነው? የፍሬው መዓዛ ከእውነተኛ ፍሬ መምጣቱንስ በምላስና በአፍንጫ መለየት ይቻላል? ሦስቱንስ በአንድ መለኪያ ማወዳደር ተገቢ ነው?

መልስ (ከዋሽንግተን)

በመጠጥ አቅራቢነት ሙያ የምተዳደር በመሆኔ ይህ ክርክር በየጊዜው ይገጥመኛል። ጣፋጭነት በራሱ ጉድለት ነው ብዬ አላምንም፤ ጉድለት የሚሆነው ሌላውን ነገር ሲሸፍን ነው። ስኳር የአልኮሉን ማቃጠል ያለዝባል፣ ፈሳሹን ያወፍራል፣ መራራነቱንም ይደብቃል። በዚህም ምክንያት በጥድፊያ የተነጠረ፣ በርሜል ውስጥ በቂ ጊዜ ያልቆየ ረም ስኳር ሲታከልበት በመጀመሪያው ጉንጭ የተዋጣለት መስሎ ሊታይ ይችላል። እኔ የምፈርደው በመጀመሪያው ጉንጭ ሳይሆን ጣፋጩ ከምላስ ላይ ከለቀቀ በኋላ በሚቀረው ነው። የሸንኮራው፣ የሞላሰሱ፣ የበርሜሉ እንጨት ወይም የፍሬው ልጣጭ ጣዕም ተከትሎ ከመጣ መጠጡ አካል አለው፤ የሚቀረው የስኳር መጣበቅ ብቻ ከሆነ ግን የጠጡት ሽሮፕ ነው።

ሽታውን በሚመለከት ጀማሪዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። የአናናስ ሽታ ስላለ ብቻ አናናስ ገብቶበታል ማለት አይደለም። በጃማይካ፣ ለምሳሌ ሃምፕደን በተባለው የረም ማምረቻ፣ ድፍድፉ ለረጅም ጊዜ እንዲብላላ ስለሚተው ኤስተር የተባሉት መዓዛ ሰጪ ውህዶች በብዛት ይፈጠራሉ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ኤትል ቡቲሬት አናናስን አናናስ አናናስ ከሚያሸቱት ውህዶችም አንዱ ነው። ስለዚህ አንድም ፍሬ ያልነካው፣ አንዲት ማንኪያ ስኳር ያልገባበት ረም ብርጭቆው ገና ሳይጠጋ በአናናስ ሊያውድ ይችላል። በአንጻሩ ያው ውህድ በፋብሪካ ተዘጋጅቶ ለከረሜላና ለለስላሳ መጠጥ ማጣፈጫነት ያገለግላል። ልዩነቱን የማገኘው መዓዛው በጊዜ ሲለዋወጥ በማየት ነው። እውነተኛው ፍሬ ሲቀዳ አንድ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሌላ ነው፤ የልጣጩ ምሬት፣ የኮምጣጣነቱ ጫፍ፣ አንዳንዴም የበሰለ ወይም የተጠበሰ ፍሬ ጠረን ይወጣዋል። የፋብሪካው ማጣፈጫ ግን መጀመሪያም መጨረሻም ያው አንድ ድምፅ ነው። ጠጅ ጠግቦ ያደገ ሰው ማር የበዛበትንና ስኳር የታከለበትን ሲለይ የሚያደርገውም ከዚህ የራቀ አይመስለኝም፤ ሁለቱም ይጣፍጣሉ፣ የማሩ ግን አበባው ይከተላል።

የጠቀሱት የአናናስ ረም ለዚህ ጥሩ መማሪያ ነው። አሠራሩ ሁለት መንገድ ያጣምራል፦ ኩዊን ቪክቶሪያ የተባለው አናናስ ልጣጭ በነጭ ረም ውስጥ ተዘፍዝፎ እንደገና ይነጠራል፣ ሥጋው ደግሞ በጠቆረ ረም ውስጥ ለወራት ይቆያል፤ በመጨረሻም ሁለቱ ይቀላቀላሉ። እንግዲህ ሲያሸቱት የልጣጩን ስልና አበባማ ጠረን ከሥጋው የበሰለ ጣዕም ለይተው ይፈልጉ። ሁለቱም ሲገኙ ነው ነጥቡ የሚገባው።

አንድ ተጨማሪ መፈተኛ ልጠቁምዎት። ከመጠጡ ጥቂት ወደ ሌላ ብርጭቆ ቀድተው በእኩል መጠን ውሃ ያቅጥኑት። በ40 በመቶ አልኮል ላይ የተደበቀው ሁሉ በ20 በመቶ አካባቢ ይገለጣል፤ የማጣፈጫው ሰው ሠራሽነትም ሆነ የረሙ ድክመት ያን ጊዜ መሸሸጊያ ያጣል። ከዚያም ጥቂት ጠብታ ሎሚ ይጨምሩበት። ጎምዛዛው ስኳሩን ሲገፋው እውነተኛው ፍሬ ብቅ ይላል፣ ሌላው ይከስማል።

መልስ (ከአዲስ አበባ)

ከላይ የተሰጠው ምክር የሚያረካ ነው፤ እኔ ከኬሚስትሪ ወገን ጥቂት ልጨምር። ጠያቂያችን የሚኖሩት ስዊድን በመሆኑ ዕድለኛ ናቸው፣ ምክንያቱም መጠጥ የሚሸጠው የመንግሥት ድርጅት ሲስተምቡላጌት በብዙ መጠጦች ላይ የስኳሩን መጠን ይገልጻል። ይህ ቁጥር በማይገኝበት አገር ሃይድሮሜትር ይረዳል። መሣሪያው የሚለካው የፈሳሹን እፍጋት ሲሆን፣ አልኮል ሲበዛ እፍጋቱ ይቀንሳል፣ ስኳር ሲሟሟ ደግሞ ይጨምራል። በጠርሙሱ ላይ 40 በመቶ ተብሎ ተጽፎ መሣሪያው በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 35 ካሳየ፣ ለእያንዳንዱ የጎደለ መቶኛ በሊትር 4 ግራም ያህል ተቆጥሮ በሊትር ወደ 20 ግራም የሚጠጋ ስኳር እንዳለበት መገመት ይቻላል። ይሁን እንጂ ፍሬ በተዘፈዘፈበት መጠጥ ውስጥ ከፍሬው የወጡት አሲዶችና ሌሎች ሟሚዎችም እፍጋቱን ስለሚጨምሩ ውጤቱ ግምት እንጂ ፍርድ አይደለም።

ሦስቱን በአንድ መለኪያ ስለማወዳደር ሕጉ ራሱ ፍንጭ ይሰጣል። በአውሮፓ ኅብረት የ2019 የመጠጥ ደንብ መሠረት «ረም» ተብሎ የሚሸጥ መጠጥ ቢያንስ 37.5 በመቶ አልኮል ሊኖረው፣ ለማጣፈጥ የሚታከለው ስኳር መጠንም በሊትር ከ20 ግራም ሊያልፍ የማይገባ ሲሆን፣ ማጣፈጫ መዓዛ ሊታከልበትም አይፈቀድም። ሊከር ግን በጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልሆነ በቀር በሊትር ቢያንስ 100 ግራም ስኳር ሊኖረው ይገባል። ማሊቡ አልኮሉ አነስ ያለ ሊከር ነው፤ ከ40 በመቶው የአናናስ ረም አጠገብ አስቀምጦ ነጥብ ማበላለጥ ለሁለቱም ፍትሐዊ አይሆንም።

መልስ (ከማርሴይ)

በቀረው እስማማለሁ፤ የሥራ ባልደረባዎ ያዘጋጁት መጠጥ በውሃና በሎሚ ተፈትኖ ይመዘን በሚለው ግን አልስማማም። በባለቤቴ በኩል ከሬዩንዮን ቤተሰብ ጋር ስለተዛመድኩ ይህንን መጠጥ በቅርብ አውቀዋለሁ። በደሴቱ ረም አራንዤ ይሉታል። ብዙ ጊዜ መነሻው 49 በመቶ አልኮል ያለው ሻሬት የተባለው ነጭ ረም ሲሆን፣ ቪክቶሪያ የተባለው ትንሹ አናናስ፣ ቫኒላ፣ ሊቺ፣ የብርቱካን ልጣጭ ወይም ቀረፋ ተጨምሮበት ለሳምንታት ወይም ለወራት ይቀመጣል፤ ከማዕድ በኋላም በትንሽ መለኪያ ይቀርባል። እያንዳንዱ ቤት የራሱ መጠን አለው፣ ስኳሩም የሚወሰነው በቤቱ ሰው ምላስና ፍሬው በበሰለበት ልክ ነው። መደፍረሱም ሆነ ከሥር ዝቃጭ መኖሩ ጉድለት አይደለም።

ይህንን መጠጥ ሲመዝኑ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። ፍሬው በስሎ ነው የገባው? ቫኒላው አናናሱን ውጦታል ወይስ አጅቦታል? የረሙ ኃይል ከፍሬው ጭማቂ ጋር ተስማምቷል ወይስ ተለያይተው ቆመዋል? በተለይ የመጨረሻው ብዙውን ጊዜ የጊዜ ጉዳይ ነው። ሳይሰነብት የተከፈተ መጠጥ አልኮሉ ብቻውን ይመታል፣ ፍሬውም ብቻውን ይጣፍጣል።

የጠያቂው ምላሽ (ከስቶክሆልም)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሦስቱን በአንድ ሰንጠረዥ ማስፈሩን ትቻለሁ፤ እያንዳንዱ ከየወገኑ ጋር እንዲመዘን ለወዳጆቼ ሐሳብ አቀርባለሁ። የማርሴዩ ወዳጃችን ያነሱት ጥያቄም ለቤቱ መጠጥ የተለየ ገጽ እንድናዘጋጅለት አሳምኖኛል። የቀረኝ አንድ ጉዳይ ነው፦ ገሚሱ ቀማሽ በበረዶ ካልሆነ አልቀምስም ይላል፤ የአቀማመሱ ቅደም ተከተልስ ምን ቢሆን ይሻላል?

መልስ (ከዋሽንግተን)

ነጥብ እስኪሰጥ ድረስ በረዶ አይግባ። ቅዝቃዜ ጣፋጩንም መዓዛውንም ስለሚያደነዝዝ ከመጠን በላይ የጣፈጠ መጠጥ በበረዶ የተመጣጠነ ይመስላል፣ ረቂቅ መዓዛ ያለው ደግሞ ባዶ ይሆናል። በክፍሉ ሙቀት፣ አፉ ጠበብ ባለ ትንሽ ብርጭቆ፣ ከጥቂት ደቂቃዎች ዕረፍት በኋላ ይቅመሱ፤ በመካከልም ውሃና ነጭ ዳቦ ይኑር። ቅደም ተከተሉን ካልጣፈጠው ወደ ጣፋጩ ያድርጉት። ለመነሻ አንድ ፍሬ የሌለበትን የጃማይካ ረም ማስቀደም በጣም ይጠቅማል፤ ቀማሾቹ ጥንስሱ ብቻውን የሚያወጣውን የአናናስ ጠረን አስቀድመው ስለሚያውቁት፣ ከዚያ በኋላ በሚመጣው ጠርሙስ ውስጥ ፍሬው የጨመረውን ለይተው ለመናገር ይችላሉ። ማሊቡን ከሁሉም መጨረሻ ያድርጉት፤ ከእርሱ በኋላ ምላስ ሌላ ነገር አይለይም።