ፋይሎቻችን ተቆልፈው ገንዘብ ተጠየቅን፤ ምን ማድረግ ይገባናል?

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። በአንድ አነስተኛ ድርጅት የሂሳብ ክፍል እሠራለሁ። ዛሬ ጠዋት ኮምፒውተሬን ስከፍት በሰነዶቼ ሁሉ ስም መጨረሻ ላይ የማላውቃቸው ፊደላት ተጨምረው፣ አንዱም አልከፈት አለኝ፤ በ3 ቀን ውስጥ በቢትኮይን ካልከፈልን ፋይሎቹ እንደሚጠፉ የሚገልጽ ጽሑፍም ተቀምጧል። ከትናንት በስቲያ ከዕቃ አቅራቢያችን የተላከ የሚመስል ደረሰኝ ከኢሜይል ላይ ከፍቼ፣ ባዶ ሆኖ ስላገኘሁት ትቼው ነበር። አንቲቫይረስ እያለን ቫይረስ እንዴት ገባ? ብንከፍልስ ይመለስልናል?

መልስ 1
ከሁሉ አስቀድመው የኔትወርክ ኬብሉን ይንቀሉ፤ ዋይፋዩንም ያጥፉ። ኮምፒውተሩን ግን ፎርማት አያድርጉ፤ ከኔትወርክ ከተለየም አያጥፉት፤ ለምርመራ የሚጠቅም መረጃ፣ አልፎ አልፎም የመክፈቻው ቁልፍ ራሱ፣ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ በሚደመሰሰው ጊዜያዊ ሚሞሪ ውስጥ ቀርቶ ሊገኝ ይችላል። የማስፈራሪያውን ጽሑፍ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።

መልስ 2
ሁሉንም «ቫይረስ» ማለት ስለተለመደ እንጂ፣ እርስዎ የገጠመዎት ሁለት የተለያየ ነገር ነው። መግቢያው ፊሺንግ፣ ማለትም የሚያውቁትን ሰው መስሎ የቀረበ አታላይ መልእክት ሲሆን፣ በእሱ በኩል የገባው ደግሞ ፋይል ቆልፎ ቤዛ የሚጠይቀው ራንሰምዌር ነው። ቫይረስ በሌላ ፋይል ላይ ተጣብቆ፣ ያ ፋይል ሲከፈት የሚዛመት ነው፤ ዎርም ግን የሰው እጅ ሳይጠብቅ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ይሻገራል። በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. የተነሣው ዋናክራይ ራንሰምዌርም ዎርምም ስለነበር ከ150 በላይ አገሮችን አዳረሰ፤ የሚያሳዝነው ማይክሮሶፍት ዋናክራይ የገባበትን የዊንዶውስ ክፍተት የሚደፍነውን ማሻሻያ ከ2 ወር በፊት አውጥቶ ነበር። አንቲቫይረስ በተለይ የሚይዘው አስቀድሞ የሚታወቀውን ስለሆነ፣ ጥቂት ተለውጦ የመጣውን ሊያሳልፈው ይችላል።

መልስ 3
እንዳይከፍሉ እመክራለሁ። በሰኔ 2017 እ.ኤ.አ. በተሠራጨው ኖትፔትያ በተባለው አጥፊ ፕሮግራም የተጠቁ ሰዎች ቢከፍሉም ፋይላቸውን ማስመለስ አይችሉም ነበር፤ ፕሮግራሙ የሚፈታበት መንገድ ሳይኖረው ተሠርቷልና። ይልቅ የኔዘርላንድስ ፖሊስና ዩሮፖል (የአውሮፓ ኅብረት የፖሊስ ተቋም) ከጸጥታ ሶፍትዌር ኩባንያዎች ጋር በ2016 በጀመሩት «ኖ ሞር ራንሰም» ድረ ገጽ ላይ፣ ምሥጢርነት የሌለው አንድ የተቆለፈ ፋይልና የማስፈራሪያውን ጽሑፍ ያስገቡ። መፍቻ ካለው በነጻ ያገኙታል፤ ከሌለውም የተቆለፉትን ፋይሎች አይሰርዙ፤ ቁልፎች ከወራት በኋላ የሚወጡበት ጊዜ አለ።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ፤ ኬብሉን ነቅያለሁ። ነገር ግን ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) የምናደርግበት ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ሁልጊዜ ከኮምፒውተሩ ጋር ተሰክቶ ስለሚውል እሱም አብሮ ተቆልፏል።

መልስ 1
ሳይነቀል የሚውል ዲስክ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እንደ ባክአፕ አይቆጠርም፤ ወደፊት 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ማስቀመጫ፣ 1ዱን ከቢሮ ውጭ ያኑሩ። ለዛሬው ግን ጉዳዩን ለኃላፊዎ ሳይውሉ ሳያድሩ ይንገሩ፤ የይለፍ ቃሎቻችሁንም ከኢሜይሉ ጀምራችሁ ካልተነካ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ለውጡ፤ አጥቂዎች ብዙውን ጊዜ ከመቆለፋቸው በፊት መረጃውን ይቀዳሉና። ለደንበኞችና ለኦዲተር በኢሜይል የላካችኋቸው ሰነዶች ብዙውን ጊዜ በኢሜይል ሰርቨሩ ላይ ስለሚገኙ፣ «የተላኩ» የሚለውን ማኅደር ፈትሹ፤ ያለፈው ዓመት ሂሳብ እዚያ ሊገኝ ይችላል።