«ሳምሰንግ ታብሌት ኮረጀ፣ ፍርድ ቤትም አረጋግጧል» ማለት እስከ መቼ?

የቶሳው ልጅ፦
ትናንት ደሴ ላይ አንድ ስልጠና ገብቼ ነበር። አሰልጣኙ «ታብሌት የአፕል ፈጠራ ነው፤ ሳምሰንግ ኮርጆ ነው የገባው፤ ይህንንም ፍርድ ቤት አረጋግጧል» ብሎ አለፈ። ተማሪው ሁሉ ጻፈው። በጣም ነው የተናደድኩት። ሳምሰንግ ኪው1 የተባለውን ባለ 7 ኢንች ታብሌት ያወጣው በ2006 ነው፤ ዓመቶቼ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። የአፕሉ ታብሌት አይፓድ የመጣው በ2010። ከዚያም በፊት በ1989 የወጣው ግሪድፓድ አለ። በብዕር የሚጻፍበት ታብሌት ነው። ጄፍ ሃውኪንስ ነደፈው፣ ያመረተው ሳምሰንግ ነው። ታዲያ ማን ከማን ኮረጀ?

ጥገና ፒያሳ፦
ወላሂ አሰልጣኙ አልተሳሳተም። ኪው1ን ባታነሳው ይሻላል። ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነበት፣ ወደ 800 ግራም የሚጠጋ፣ ሲወጣ ከ1,000 ዶላር በላይ የሚሸጥ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ገበያው አልፈለገውም። አይፓድ ሚያዝያ 2010 ለሽያጭ ቀረበ። መስከረም ላይ ሳምሰንግ ጋላክሲ ታብ የተባለውን ታብሌቱን በርሊን ላይ አሳየ። የቻርጀሩ ሶኬት ሳይቀር የአፕልን የሚመስል ሰፊ ባለ 30 ፒን ነው። ደንበኛ የአይፓድ ገመድ ይዞ ይመጣና «ለምን አይገባም?» ይለኛል። መልኩን ወስደው መግጠሚያውን ለወጡት። ይህ ኩረጃ ካልሆነ ምንድን ነው?

የወልዲያዋ፦
ጥገና፣ ስለ ገመዱ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ «ፍርድ ቤት አረጋግጧል» የሚለውን መልስልኝ። የትኛው ፍርድ ቤት? የእንግሊዙ ዳኛ ኮሊን ቢርስ በሐምሌ 2012 የሳምሰንግ ታብሌቶች የአፕልን ዲዛይን አልጣሱም ብለው ፈረዱ። እንደ አይፓድ ያማሩ አይደሉም ሲሉም ጻፉ። ይግባኝ ሰሚውም አጸናው። አፕል ይህንኑ ውሳኔ በገዛ ድረ ገጹና በጋዜጣ እንዲያወጣ ታዘዘ። «አረጋግጧል» የምትሉት ይህንን ነው?

ጥገና ፒያሳ፦
አንድ አገር ብቻ መርጠሽማ አይሆንም። የጀርመኑስ? የዱሰልዶርፍ ፍርድ ቤት በ2011 ታብ 10.1 የተባለው የሳምሰንግ ባለ 10.1 ኢንች ታብሌት እንዳይሸጥ አግዷል። አሜሪካ ደግሞ በ2012 ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈረደችበት።

የወልዲያዋ፦
የአሜሪካው ገንዘብ በዋናነት የስልኮቹ ነው። ያንን የፈረደው ጁሪ፣ ማለትም ለፍርድ የተመረጡት ተራ ዜጎች፣ ታብ 10.1 የአይፓድን ዲዛይን አልጣሰም ብሏል። በታብሌቱ ላይ የነበረው እገዳም በዚያው ዓመት ተነሳ። ጀርመን ውስጥ ሳምሰንግ ጠርዙን ለውጦ 10.1ኤን ብሎ ሲያወጣው ፍርድ ቤቱ ፈቀደ። «አረጋግጧል» ብሎ ለተማሪ የሚያስተምር ሰው ይህንን ሁሉ ማንበብ ነበረበት።

መምህር ከኮምቦልቻ፦
እህት ዓለሜ፣ ግማሹን ብቻ ነው የነገርሽን። ያው ጁሪ ታብ 10.1 የአፕልን የሶፍትዌር ፓተንቶች (የፈጠራ መብቶች) ጥሷል ብሏል። ገጹ ጫፍ ሲደርስ ነጥሮ የሚመለስበት አሠራር አንዱ ነው። ሌላም አለ። በችሎቱ በቀረበው ማስረጃ መሠረት የታቡን ሶፍትዌር አንድሮይድን የሚሠራው ጉግል ራሱ በ2010 መጀመሪያ ላይ «ከአይፓድ ጋር በጣም ይመሳሰላል፣ ለዩት» ብሎ ሳምሰንግን አስጠንቅቋል። በ2011 ደግሞ የአሜሪካውን ክስ የያዙት ዳኛ ሉሲ ኮ ሁለቱን ታብሌቶች ወደ ላይ አንስተው የሳምሰንግን ጠበቃ «የእናንተ የትኛው ነው?» ሲሏት «ከዚህ ርቀት መለየት አልችልም» አለች። የራሱ የሳምሰንግ ጠበቃ!

የቶሳው ልጅ፦
መምህር፣ በአክብሮት ነው የምለው። ከሦስት ሜትር ርቀት ጥቁር መስታወት ሁሉ ይመሳሰላል። ደግሞም የመጀመሪያው አይፓድ አንጎል የሆነው ኤ4 ቺፕ የተመረተው በማን ፋብሪካ ነው? በሳምሰንግ። ይህን ግን ማንም አያነሳውም።

መምህር ከኮምቦልቻ፦
ጡብ ያቀረበ ሁሉ ቤቱን ነደፈው አይባልም።

የሐይቅ ልጅ፦
ኧረ በላህ! የወሎ ትምህርት ቤቶች በጦርነቱ ኮምፒውተራቸውን አጥተው እናንተ ስለ ዱሰልዶርፍ ትከራከራላችሁ? ለሕዝብ ቆጠራ ተብሎ ስለተገዛው ታብሌት ጠይቁ። ቆጠራው ተራዘመ፣ ዕቃው ምን ሠራ?

የቶሳው ልጅ፦
የሐይቅ ልጅ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ ግን ለብቻው ክፈተው። አሁን ልጆቻችን የተሳሳተ ነገር ጽፈው ወጥተዋል።

የሐይቅ ልጅ፦
አይለያይም! ለትምህርት ቤት ታብሌት ይገዛ ሲባል ሰው የሚያነሳው ብራንድ ነው። ያ የምታወድሱት የመጀመሪያው ጋላክሲ ታብ በአንድሮይድ 2.2 መጥቶ 2.3 ላይ ቀረ። ዛሬ ምን መተግበሪያ ይጫንበታል?

የወልዲያዋ፦
የመጀመሪያው አይፓድም በአፕሉ ሶፍትዌር አይኦኤስ 5 ላይ ነው የቀረው። ሁለቱም ቶሎ ነው የተተዉት። ታቡ ግን ሲም ይወስድ ነበር፣ ይደወልበት ነበር። 380 ግራም ነው፣ በአንድ እጅ ይያዛል። የአፕሉ ስቲቭ ጆብስ በዚያው በ2010 ባለ 7 ኢንች ታብሌት ገና ሳይወለድ የሞተ ነው ብለው አጣጣሉት። በ2012 አፕል ራሱ 7.9 ኢንች አይፓድ ሚኒ አወጣ። ያኔ ኮራጁ ማን ነበር?

ጥገና ፒያሳ፦
እሱን ከሚኒው ጋር ተዪው። ስለ 10.1 መልሺልኝ። ሳምሰንግ በ2011 መጀመሪያ 10.9 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ታብ አሳየ። መጋቢት ላይ አይፓድ 2 በ8.8 ሲመጣ የራሱን ዳግመኛ ሠርቶ 8.6 አደረገው። በሳምንታት ውስጥ! ሰው የራሱ መንገድ ካለው እንዲህ አይደነግጥም።

የቶሳው ልጅ፦
ተወዳዳሪህን አይተህ የራስህን ማቅጠን ኩረጃ ከሆነ በዓለም ላይ ያልኮረጀ ፋብሪካ የለም። ሳምሰንግ ደግሞ ከአፕል አሳንሶት ነው ያወጣው።

መምህር ከኮምቦልቻ፦
የጉግሉን ማስጠንቀቂያ ግን እስካሁን አንድ ሰው አልመለሰልኝም።

የወልዲያዋ፦
ልመልስልዎ መምህር። ጉግል ዳኛ አይደለም። ጁሪው ያንን ማስረጃ ሁሉ ሰምቶ ነው የታቡ መልክ አልጣሰም ያለው። እርስዎ ጁሪውን ለሶፍትዌሩ ይቀበሉታል፤ ለመልኩ ሲሆን ወደ ጉግል ይሄዳሉ።

ጥገና ፒያሳ፦
ገመዱንስ? እመለስበታለሁ ብለሽ ነበር።