የድሮ ፈተና እየሠራሁ ነው፤ ግን መልሱን ሸምድጄዋለሁ መሰለኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ብሔራዊ ፈተናው 3 ወር ቀርቶታል። ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ወዲህ ብዙዎቻችን ዩኒቨርሲቲ ገብተን ስለምንፈተን የጎን ጓደኛ አያድነኝም (ድሮም አላዳነኝም)።

ችግሬ ይሄ ነው። ያለፉ ዓመታት የፊዚክስ ፈተናዎችን ፎቶ ኮፒ አድርጌ ሁለት ሦስቴ ሠራኋቸው። አሁን ጥያቄውን አንብቤ ሳልጨርስ «ሲ ነው» እላለሁ። ያላየሁት ዓመት ሲመጣ ግን ግማሹንም አላገኝ። ትናንት በ30 ዲግሪ የተወረወረ ኳስ የት እንደሚያርፍ ቁጭ አደረግኩት። በዚያው ፍጥነት በ60 ዲግሪ ሲጠየቅ ደርቄ ቀረሁ። ለካ የአየር ግጭት ካልተቆጠረና ኳሱ በተነሣበት ከፍታ ላይ ካረፈ ርቀቱ እኩል ነው! ቀመሩን እንጂ ነገሩን አላውቀውም ማለት ነው።

ደግሞ ቴሌግራም ላይ ያሉት መልሶች እርስ በርስ አይስማሙም። መጽሐፉም ተቀይሯል፤ ከድሮው የትኛውን ልዝለል?

ያለፋችሁ ልጆች፣ እባካችሁ፦ ምዕራፉን ጨርሳችሁ ነው ወደ ፈተናው የሄዳችሁት ወይስ ከፈተናው ተነስታችሁ? ሰዓት ይዛችሁ መሥራት የጀመራችሁትስ መቼ ነው? ያልነካኋቸው የሁለት ዓመት ፈተናዎች አሉኝ። አሁን ልሥራቸው ወይስ ለመጨረሻው ሳምንት ላቆያቸው?