ላንድክሩዘር 80፦ ተርቦው አይነፋም፣ ጭስም የለም

ጥያቄ፦ ሞተሩ 1ኤችዲ-ቲ ነው፣ ተርቦ (በጭስ ጋዝ እየዞረ ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋ) ያለው ናፍጣ ሞተር። ዳገት ላይ የተርቦው አየር ግፊት ጌጅ ከ0.3 ባር አያልፍም፣ ጥቁር ጭስም የለም። ቀጫጭኖቹ የአየር ጎማዎች (ቱቦዎች) ተነቅለው ነበር፤ የቱ ወዴት ነው የሚገባው?

መልስ፦ አጭሩ ከተርቦው ወደ ዌስትጌት አክቹዌተር (ግፊት ሲበዛ ትርፉን የጭስ ጋዝ የሚያሳልፈውን በር የሚከፍተው)፤ ረጅሙ ከኢንቴክ ማኒፎልድ (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው) ወደ ናፍጣ ፖምፓው አናት። ጭስ ከሌለ ረጅሙን ጠርጥር። ግፊት ካልደረሰው ፖምፓው ናፍጣ አይጨምርም፤ ናፍጣ ሲያንስ ደግሞ ተርቦውን የሚያዞረው ትኩስ ጋዝ ያንሳል። ጎማውን ከማኒፎልዱ ነቅለህ በእጅ ፓምፕ 0.5 ባር ስጠው። ግፊቱ ከወረደ ወይ ጎማው ተሰንጥቋል፣ ወይ ፖምፓው አናት ውስጥ ያለው ዲያፍራም (ስስ ሽፋን) ተቀዷል።

ሌላ መልስ፦ አጭሩ ላይ አትልፋ ወንድሜ፤ እሱ ቢቀደድ ግፊት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ይልቅ ከተርቦው ወደ ማኒፎልድ በሚሄደው ወፍራም ቱቦ መገጣጠሚያ ላይ ሳሙና ውሃ ረጭተህ ሞተሩን አስነሳና ነዳጅ ስጠው፤ አረፋ ካወጣ እዚያ ጋ አየር ያፈሳል። ስትቀይር ሲሊኮን ጎማ ግዛ፤ ተራው ተርቦው አጠገብ ቶሎ ይደርቃል።