ስበይድ መስመሩ እየጠፋኝ ነው፤ ማጉያ ሌንስ የተጠቀማችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ዕድሜዬ 47 ነው፤ ብየዳ ላይ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን የቀለጠው ብረት ጠርዝ ይደበዝዝብኛል። መጋጠሚያውን ስቼ ጎኑ ላይ እበይዳለሁ፤ ስህተቱ የሚታየኝ ማስኩን ሳነሳ ነው። በጣም ያሳዝነኛል፤ እጄ እኮ ዛሬም አይንቀጠቀጥም።

መጀመሪያ ጥፋቱ የማስኩ መስሎኝ የውጪውን መከላከያ ፕላስቲክ ቀየርኩ። በ100 አምፔር ስሠራ የመስታወቱን ጥቁረት ከ11 ወደ 10 አወረድኩት። ትንሽ ለውጥ አለው፤ ችግሩ ግን አልተፈታም።

ከዚያ ከማስኩ ሥር +2.00 የንባብ መነጽር አደረግኩ። ጠረጴዛ ላይ ስሠራ ግሩም ነው! ጠርዙ ጥርት ብሎ ይታየኛል። ነገር ግን በላብና በትንፋሽ ጉም ይለብሳል፤ ጎንበስ ስል ደግሞ ከአፍንጫዬ ላይ ይንሸራተታል። ማስኩን እያነሱ መነጽር መጥረግ ሥራ ያስፈታል። ከ50 ሴንቲሜትር ራቅ ካልኩም ሁሉም ነገር ይደበዝዛል።

አሁን ማስኩ ውስጥ፣ ከጥቁሩ መስታወት ኋላ የሚገባውን ማጉያ ሌንስ ልገዛ አስቤያለሁ። ፊቴ ከሥራው 40 ሴንቲሜትር ያህል ይርቃል። +2.00 ይበቃኛል ወይስ +2.50 ልውሰድ? ከኋላ የሚገባ ብርሃን ሌንሱ ላይ እያንጸባረቀ አያስቸግርም? ከራስ በላይ ስትበይዱስ እንዴት ነው?

የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ይዣለሁ፤ የምሠራበትንም ርቀት ለክቼ እነግረዋለሁ። ግን ማስክ ለብሶ የዋለ ሰው የሚያውቀውን ከእናንተ መስማት እፈልጋለሁ። እባካችሁ የሞከራችሁትን ጻፉልኝ።