ያገለገለ ሚኒባስ በውክልና ሲሸጥ ምን ይጣራ?

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ በፒያሳ–አዘዞ መስመር የማሠራው ያገለገለ ቶዮታ ሃያስ ልገዛ ነው። ሻጩ ባለንብረቱ ሳይሆን ወኪሉ ሲሆን፣ ደላላው ሌላ ገዢ እንዳለ እየነገረ ዛሬውኑ ቀብድ እንድከፍል ያጣድፈኛል። ምን ላጣራ?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ እባክዎ ቀብዱን አይክፈሉ። በሊብሬው ላይ ያሉትን የሻንሲና የሞተር ቁጥሮች ከመኪናው ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ፤ በቁጥሩ ዙሪያ የብየዳ ምልክት ወይም አዲስ ቀለም ካዩ ይተውት። የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ አለመኖሩን ፋይሉ ካለበት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ራስዎ ሄደው ይጠይቁ እንጂ ደላላው የሚያመጣውን ወረቀት አይመኑ። ውክልናው መሸጥን በግልጽ የሚፈቅድና ያልተሻረ መሆኑን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወካዩ በሕይወት መኖሩን ያረጋግጡ።

መልስ 2፦ መካኒክ ነኝ። ሞተሩን ቀዝቃዛ ሳለ ያስነሡት፤ አስቀድሞ ተሙቆ ከጠበቀዎት ይጠራጠሩ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እንደሚበላ ያሳያል፤ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ከራዲያተር ውኃ መጉደል ጋር ከታየ የቴስታታ ጓርኒሲዮኑ (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ሳይቃጠል አይቀርም። ከአዘዞ ወደ ከተማ የሚያወጣውን ዳገት ሰው ጭነው ይሞክሩት፤ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነት ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከማርሹ ጋር የሚያገናኘው ክፍል) አልቋል።

መልስ 3፦ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ወደ ኋላ ሊመለስ ስለሚችል የፍሬን ፔዳሉን ላስቲክና የመሪውን መፋቅ ይመልከቱ።